መጥረቢያውና ከረጢቱ

«ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረት ሳይሰማ ያደገ የአገራችን ሰው ይኖራል ብለን አናምንም። እንግሊዞችም ተረቱን በእኛ አነጋገር አይተርቱት እንጂ፥ ነገሩን ከሕጋቸው ውስጥ አስገብተው «ንጉሥ አይሳሳትም» ይሉ ነበር። ዳኛው ሁሉ የሚፈርደው በንጉሡ ስም ከሆነ፥ ንጉሡን ራሱን በማን ስም ይከሱታል? ይሁን እንጂ በጃንዋሪ 20 ቀን 1649 ዓ.ም. በሎንዶን፥ በዌስትሚንስተር አዳራሽ፥ ቀዳማዊ ቻርልስ የተባለው ንጉሥ እንደ ማንኛውም ተከሳሽ ቀርቦ ክሱ ተነበበለት። እርሱም ዳኞቹ ሥልጣናቸውን ከወዴት እንዳገኙት እየጠየቀ፥ ለክሱ መልስ አልሰጥም አለ። 59 ሰዎች በሞቱ ፍርድ ላይ ፈርመው ማኅተማቸውን አኖሩበት፤ በጃንዋሪ 30 ቀንም በኋይትሆል ቤተ መንግሥት ደጃፍ፥ ሕዝብ እያየ፥ አንገቱ በመጥረቢያ ተቀላ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።)

የእንግሊዝ ነገሥታትና የፓርላማው ትግል በተነሣ ቍጥር፥ በተለይ በወጣቶች መካከል፥ መጀመሪያ የሚታወሰው ይህ መጥረቢያ ነው። እኛም ተማሪዎች ሳለን ከዚህ የተለየ አልነበርንም። ማታ ማታ በመኝታ ቤታችን ክርክር ሲነሣ፥ ስለ ቀረጥና ስለ ባጀት የሚያወራውን ጓደኛችንን «ተወን እባክህ» ብለን፥ ስለ ክሮምዌል ሰይፍ የሚያወራውን ከበን እንሰማ ነበር። ዛሬ ግን ነገሩን ደግመን ስንመረምረው፥ ያን ጊዜ ያልሰማነው ጓደኛችን እውነት ነበረው እንላለን። እንደ እኛ አስተያየት መጥረቢያው የፈጸመው ነገር ጥቂት ነው። ትግሉን ከፍጻሜ ያደረሰው የገንዘቡ ከረጢትና በከረጢቱ ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች ናቸው፤ ይኸውም ዳኛው፥ አፈ ጉባኤው፥ ጸሐፊው፥ ግብር ሰብሳቢው ማለታችን ነው። ይህንንም የምንለው ስለ ታሪክ ዕውቀት ብቻ አይደለም። ይህን ገጽ ከሚያነቡት ወጣቶች ብዙዎቹ ዛሬ ወይም ነገ ከእንዲህ ያለው ወንበር የሚቀመጡ ስለ ሆኑ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። በ1215 ዓ.ም. መኳንንቱ ንጉሥ ጆንን ራኒሚድ በሚባለው መስክ አግኝተው፥ ማግና ካርታ የተባለውን ታላቅ ጽሑፍ ማኅተም ሲያስደርጉበት፥ ከጠየቁት ነገር አንዱ ንጉሡ ያለ መንግሥቱ ምክር አዲስ የገንዘብ መዋጮ እንዳያስከፍል ነው። በ1295 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኤድዋርድ ከመኳንንቱና ከካህናቱ ጋር የየአውራጃውንና የየከተማውን እንደራሴዎች ሲጠራ፥ የጠራቸው ሥልጣኑን ሊያካፍላቸው ወድዶ ሳይሆን፥ ለጦርነት የሚሆን ገንዘብ ስለ ቸገረው ነው። እንግዲህ ፓርላማ የተወለደው ከንጉሥ ችግር ነው ማለት ይቻላል። የተጠሩትም እንደራሴዎች ሞኞች አልነበሩም፤ ቀስ በቀስ «በፊት አቤቱታችን ይሰማ፥ ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ይሰጣል» ማለትን ተማሩ። የዚህ ሁሉ ታሪክ ቍልፉ ይህች አነስተኛ የገበያ ዘዴ ናት።

በ1603 ዓ.ም. የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝንም ዙፋን ወረሰ። እርሱ የተማረ፥ መጽሐፍም የጻፈ ንጉሥ ሲሆን፥ የነገሥታት ሥልጣን ከእግዚአብሔር ስለ ተሰጠ ለሰው መልስ አይሰጡበትም የሚል እምነት ነበረው። በ1607 ዓ.ም. ከዳኞች ወንበር ተቀምጦ ራሱ ለመፍረድ ቢያስብ፥ ሰር ኤድዋርድ ኩክ የተባለው ዋና ዳኛ ተቃወመው። የኩክም ቃል ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ንጉሡ ብልህ መሆኑ አይካድም፥ ነገር ግን ሕግ በብልሃት ብቻ ሳይሆን በብዙ ዘመን ትምህርትና ልምድ የሚገኝ ነው፤ ንጉሡም ከሰው በታች ባይሆን ከእግዚአብሔርና ከሕግ በታች ነው። በ1610 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ዳኛ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፥ ንጉሡ በአዋጅ ብቻ ቀድሞ ወንጀል ያልነበረውን ነገር ወንጀል ሊያደርገው አይችልም ብሎ አስታወቀ። ጄምስም በ1616 ዓ.ም. ከሹመቱ ሻረው። ቃሉን ግን ሊሽረው አልቻለም፤ ወደ ኋላ እንደምናየው ያ ቃል ከ400 ዓመት በኋላም ሥራ ሲሠራ ተገኝቷል።

የጄምስ ልጅ ቻርልስ በ1625 ዓ.ም. ሲነግሥ ከረጢቱ ባዶ ነበር። የታችኛው ምክር ቤት ለቀደሙት ነገሥታት ለዕድሜ ልካቸው ይፈቀድ የነበረውን የጉምሩክ ቀረጥ ለእርሱ ለአንድ ዓመት ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ንጉሡ ይህን እንደ ስድብ ቈጥሮ ሳይፈቀድለት ቀረጡን ሰበሰበ፤ ቀጥሎም «ብድር» የሚል ስም ሰጥቶ ከሀብታሞቹ በግድ ገንዘብ ተቀበለ። ብድሩ ሕጋዊ ነው ብለህ መስክር የተባለው ዋና ዳኛ ራናልፍ ክሩ እምቢ ስላለ በ1626 ዓ.ም. ተሻረ። አንሰጥም ያሉትም ክስ ሳይነገራቸው ታሰሩ። በዚህ ምክንያት በ1628 ዓ.ም. ፓርላማው የመብት አቤቱታ የተባለውን ጽሑፍ አቀረበ፤ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ግብር እንዳይጣል፥ ምክንያቱ ሳይነገር ሰው እንዳይታሰር፥ ወታደር በሰው ቤት በግድ እንዳያድር፥ በሰላም ጊዜ የጦር ሕግ እንዳይታወጅ የሚል ነው። ቻርልስ ተቀበለው፤ ነገር ግን በተግባር አላከበረውም።

እዚህ ላይ የሁለት አፈ ጉባኤዎችን ታሪክ ማንሣት ይገባናል። በማርች 2 ቀን 1629 ዓ.ም. አፈ ጉባኤው ጆን ፊንች ንጉሡ ስላዘዘው ጉባኤውን በትኖ ለመውጣት ሲነሣ፥ እንደራሴዎቹ ይዘው ከወንበሩ ላይ መልሰው አስቀመጡት። እርሱ የንጉሡን ትእዛዝ እንዳላፈርስ እያለ ሲያለቅስ፥ እነርሱ በሩን ዘግተው ያለ ፓርላማ ፈቃድ ቀረጥ የሚሰበስበውንና የሚከፍለውን የሚያወግዘውን ቃል አነበቡ። ከዚያ ወዲያ ንጉሡ 11 ዓመት ሙሉ ያለ ፓርላማ ገዛ። ከእንደራሴዎቹ መሪዎች አንዱ ሰር ጆን ኤልየት በሎንዶን ግንብ ታስሮ በ1632 ዓ.ም. እዚያው ሞተ። ፊንች ግን ዳኝነት ተሾመ። ሁለተኛውን አፈ ጉባኤ ወደ ኋላ እናገኘዋለን።

ያለ ፓርላማ መግዛት ቀላል ነው፤ ያለ ገንዘብ መግዛት ግን አይቻልም። ስለዚህ የንጉሡ አማካሪዎች የቆየ መዝገብ ገልጠው «የመርከብ ገንዘብ» የሚባል ነገር አገኙ። ጥንት በጦርነት ጊዜ በባሕር ዳር ያሉ ከተሞች መርከብ ወይም የመርከብ ዋጋ ያዋጡ ነበር። ቻርልስ ይህን በ1634 ዓ.ም. በባሕር ዳር ከተሞች ላይ፥ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ባሕር አይተው በማያውቁት አውራጃዎች ላይ ሁሉ ጣለው። ጆን ሐምደን የተባለ የቡኪንግሃምሺር ባለርስት በአንድ ርስቱ ላይ የተጣለበትን 20 ሽልንግ አልከፍልም አለ። ሐምደን ሀብታም ነበረ፤ 20 ሽልንግ አላጣም። ያልከፈለው ገንዘቡ በዝቶበት ሳይሆን፥ ዛሬ 20 ሽልንግ ያለ ፈቃድ የወሰደ እጅ ነገ ከየት ላይ እንደሚቆም ስላላወቀ ነው።

ነገሩ ለ12 ዳኞች ቀረበ። 7ቱ ለንጉሡ፥ 5ቱ ለሐምደን ፈረዱ። ከ7ቱ መካከል ሕግ የማያውቅ አልነበረም፤ ነገር ግን ሹመታቸው በንጉሡ ደስታ የሚቈይ ስለ ነበረ፥ የራናልፍ ክሩ መሻር ከዐይናቸው አልጠፋም። በአገራችን «ሲሾም ያልበላ፥ ሲሻር ይቈጨዋል» እንደሚባለው፥ የሹመት ነገር የትም አገር አንድ ነው። ከ7ቱም ውስጥ ለንጉሡ አብልጦ የተናገረው ያ ከወንበሩ ላይ ሲያለቅስ ያየነው ጆን ፊንች ነበር። ከ5ቱ መካከል ግን ጆርጅ ክሩክና ሪቻርድ ሐተን ይህ ግብር ያለ ፓርላማ ሊጣል አይችልም ብለው በግልጥ ተናገሩ። ንጉሡ ረታ፤ ነገር ግን በ7 ለ5 የተገኘ ርቱዕ ምን ያህል ርቱዕ ነው? ሕዝቡ የ5ቱን ቃል ሰምቶ ነበርና፥ በሚከተሉት ዓመታት መክፈሉን እያቆመ ሄደ። ገንዘቡን ሰብስቡ የተባሉትም የየአውራጃው ሹሞች በጎረቤቶቻቸውና በንጉሡ ትእዛዝ መካከል ተጨነቁ። አንድ መንግሥት የሚደክመው በዐደባባይ በሚጮኸው ሕዝብ ብቻ አይደለም፤ ሥራውን የሚሠራለት ሹም ልቡ ሲከፈልም ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። ቻርልስ በ1637 ዓ.ም. በስኮትላንድ ላይ አዲስ የጸሎት መጽሐፍ ቢያስገድድ ስኮትላንዳውያን ተነሡበት፤ ለጦሩ ገንዘብ ስላጣ በ1640 ዓ.ም. ፓርላማ ለመጥራት ግድ ሆነበት። የአፕሪሉን ፓርላማ በ3 ሳምንት ቢበትነውም፥ የኖቬምበሩን ግን ሊበትነው አልቻለም። ፊንችም ተከስሶ ወደ ሆላንድ ኰበለለ። በ1641 ዓ.ም. የመርከብ ገንዘብ ሕገ ወጥ ተባለ፤ ያለ ተራ ሥርዐት ሰውን ይቀጣ የነበረው የኮከብ አዳራሽ የተባለው ችሎት ተዘጋ፤ ፓርላማም በ3 ዓመት ውስጥ ሳይጠራ እንዳይቀር ተደነገገ። ንጉሡም ሳይወድ ፈረመ። ወጣት አንባቢያችን ይህን ዓመት በልቡ እንዲጽፈው እንፈልጋለን፤ ይህ ሁሉ ሲሆን በንጉሡና በፓርላማው መካከል ገና አንድ ጥይት አልተተኰሰም።

በጃንዋሪ 4 ቀን 1642 ዓ.ም. ቻርልስ ሐምደንን ጨምሮ 5 እንደራሴዎችን ለመያዝ ወታደሮች አስከትሎ ወደ ታችኛው ምክር ቤት ገባ። ሰዎቹ ቀድመው ስለ ሰሙ በታንኳ አምልጠዋል። ንጉሡ አፈ ጉባኤውን ወዴት እንዳሉ ጠየቀው። ዊልያም ሌንትሃል ተንበርክኮ፥ ይህ ምክር ቤት ካላዘዘው በቀር በዚህ ቦታ የሚያይበት ዐይን የሚናገርበትም አንደበት እንደሌለው በትሕትና መለሰ። ሌንትሃል ጀግና የሚባል ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ጥንቃቄ የሚያበዛ ሰው ነበር። ነገር ግን በ13 ዓመት ጊዜ ውስጥ በዚያው ወንበር ላይ ፊንች «ንጉሡ አዞኛል» ሲል አለቀሰ፤ ሌንትሃል ደግሞ «ምክር ቤቱ አላዘዘኝም» ብሎ ተንበረከከ። የሁለቱም ጉልበት ለስላሳ ነበር፤ የተለያየው የማን አገልጋይ ነኝ ብለው እንዳሰቡ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጦርነት ሆነ፤ በኔዝቢ በጁን 14 ቀን 1645 ዓ.ም. የንጉሡ ጦር ተሰበረ፤ መጥረቢያውም መጣ። ነገር ግን መጥረቢያውን ያነሣው ሠራዊት አስቀድሞ በዲሴምበር 1648 ዓ.ም. በምክር ቤቱ ደጃፍ ቆሞ የማይወዳቸውን እንደራሴዎች አስወጥቶ ነበር። በአፕሪል 20 ቀን 1653 ዓ.ም. ደግሞ ኦሊቨር ክሮምዌል ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች አስገብቶ የቀሩትንም በተናቸው፤ ሌንትሃልም ከወንበሩ እንዲወርድ ተደረገ። ቻርልስ ሊያደርገው ሞክሮ ያልተሳካለትን፥ ንጉሡን የገደሉት ሰዎች አደረጉት። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የሚከተለው ነው። ጆርጅ ኮኒ የተባለ ነጋዴ ክሮምዌል ያለ ፓርላማ የጣለውን ቀረጥ አልከፍልም ቢል፥ በ1655 ዓ.ም. ጠበቆቹ ወደ ሎንዶን ግንብ ተወስደው ታሰሩ፤ ዋናው ዳኛ ሮልም ሥራውን ለቀቀ። ክሮምዌል የጆን ሐምደን የቅርብ ዘመድ ነበር። ሐምደን የተከሰሰበትን ነገር በሌላ ሐምደን ላይ የፈጸመው የሐምደን ወገን መሆኑን ስናይ፥ ዙፋኑን መገልበጥና ልማዱን መገልበጥ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ይገባናል።

ክሮምዌል በ1658 ዓ.ም. ሞተ፤ በ1660 ዓ.ም. የቻርልስ ልጅ በደስታና በደወል ተመለሰ። በዚያን ጊዜ ምን ቀረ፥ ምን ጠፋ? ፓርላማው ያለ ንጉሡ ፊርማ፥ በሰይፉ ኀይል ያወጣው ሁሉ እንዳልነበረ ተቈጠረ። በ1641 ዓ.ም. በሥርዐቱ ተመክሮበት ከተፈረመው ግን አብዛኛው ጸና፤ የመርከብ ገንዘብም የኮከብ አዳራሽም ተመልሰው አልመጡም። የክርክራችን ዋና ማስረጃ ይህ ነው።

አንዳንድ አንባቢ «መጥረቢያው ባይኖር ከረጢቱን ማን ይፈራው ነበር? ዳግማዊ ጄምስ በ1688 ዓ.ም. የሸሸው የአባቱን አንገት አስታውሶ አይደለምን?» ሊለን ይችላል። ፍርሀት ምንም አልሠራም አንልም። ነገር ግን ይህ ጄምስ አባቱ ሲገደል የ15 ዓመት ልጅ ነበር፤ ከእርሱ ይልቅ ያን መጥረቢያ የሚያስታውስ ማን ነበረ? እንዲያም ሆኖ በነገሠ ጊዜ በፓርላማ የወጣውን ሕግ በራሱ ቃል እያገደ፥ አቤቱታ ያቀረቡለትን 7 ጳጳሳት አስከሰሰ። ፍርሀት ንጉሥን ያሸሸዋል እንጂ አያስተምረውም። ጳጳሳቱንም ነፃ ያወጣቸው ሰይፍ ሳይሆን በጁን 30 ቀን 1688 ዓ.ም. የተሰጠው የፍርድ ቤት ቃል ነው።

በኖቬምበር 5 ቀን 1688 ዓ.ም. የሆላንዱ ዊልያም ጦር ይዞ በቶርቤይ ወረደ፤ ጄምስም ወደ ፈረንሳይ ሸሸ። በ1689 ዓ.ም. የወጣው የመብቶች ሕግ ንጉሥ ሕግን እንዳያግድ፥ ያለ ፓርላማ ግብር እንዳያስከፍል፥ በሰላም ጊዜም ያለ ፓርላማ ፈቃድ ሠራዊት እንዳያቆም ደነገገ። ነገር ግን የመብት አቤቱታውም እንዲሁ የተጻፈ ወረቀት ነበረ። ወረቀቱን ወረቀት ሆኖ ከመቅረት ያዳነው ከረጢቱ ነው። እንደራሴዎቹ የሠራዊቱን ሕግ እየታደሰ ለአጭር ጊዜ ብቻ፥ የጉምሩኩን ቀረጥ በ1690 ዓ.ም. ለ4 ዓመት ብቻ ፈቀዱ። ንጉሡ ጓደኛቸው ሳለ እንኳ ከረጢቱን ለዕድሜ ልኩ አላስረከቡትም። ከ1689 ዓ.ም. ወዲህ የእንግሊዝ ፓርላማ ሳይሰበሰብ ያለፈ አንድም ዓመት የለም። በ1701 ዓ.ም. ደግሞ ዳኞች በንጉሡ ደስታ ሳይሆን መልካም ጠባይ እስካላቸው ድረስ በሹመታቸው እንዲቈዩ ተደነገገ፤ ለእነዚያ 7 ዳኞች ዘግይቶ የመጣ መድኀኒት ማለት ነው። አንድ የእንግሊዝ ንጉሥ ፓርላማ የወሰነውን ሕግ አልቀበልም ያለው ለመጨረሻ ጊዜ በ1708 ዓ.ም.፥ በንግሥት አን ዘመን ነበር።

ስናመሰግን ግን ዐይናችንን ጨፍነን አይደለም። ያ ፓርላማ የባለርስቶችና የነጋዴዎች ምክር ቤት ነበር። በ1647 ዓ.ም. በፓትኒ ቤተ ክርስቲያን ኮሎኔል ሬንስቦሮ ድኻውም በምርጫው ድምፅ ይኑረው ብሎ ቢከራከር የሰማው የለም፤ ሴቶች ከወንዶች እኩል የመረጡት በ1928 ዓ.ም. ነው። ለእኛ ለአፍሪካውያን ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር አለበት። አፍሪካውያንን በባርነት ይሸጥ የነበረው የንጉሣዊው የአፍሪካ ኩባንያ የበላይ ያው ዳግማዊ ጄምስ ነበረ። ንጉሡ ከሄደ በኋላ ፓርላማው በ1698 ዓ.ም. ይህን ንግድ ለእንግሊዝ ነጋዴ ሁሉ ከፈተው፤ ንግዱም በዛ። የነፃነቱ ቤት በሩ ለሌላው ሰንሰለት ሆነ። ያው ፓርላማ ንግዱን የከለከለው በ1807 ዓ.ም. ነው። ከዚህ የምንማረው ሕግ የሚጠብቀው ድምፁ ከሚሰማበት አዳራሽ ውስጥ ያለውን ሰው መሆኑንና፥ ስለዚህም አዳራሹን ማስፋት ንጉሥን ከመገደብ ያላነሰ ሥራ መሆኑን ነው።

ትግሉም አለቀ አይባልም። የንጉሡ ሥልጣን ቀስ በቀስ ወደ ሚኒስትሮቹ ሲያልፍ፥ አደጋውም አብሮ አለፈ። በ2019 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚስተር ቦሪስ ጆንሰን ፓርላማው ለ5 ሳምንት ያህል እንዲዘጋ ለዳግማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ ምክር ሰጡ። በሴፕቴምበር 24 ቀን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 11 ዳኞች ባንድ ቃል ነገሩ ሕገ ወጥ ነው ብለው ፈረዱ። በፍርዳቸውም ውስጥ ያን የኤድዋርድ ኩክን የአዋጅ ጉዳይ ጠቀሱ። የተሻረው ዳኛ ከ400 ዓመት በኋላ መሰከረ፤ የሻረው ንጉሥ ግን በዚያ ችሎት ምስክር አልነበረውም።

እንግዲህ ለወጣቱ ሹምና ለነገው ሹም የምንለው ይህ ነው። ሁላችንም ሐምደን እንሁን አንልም። የጡረታው፥ የልጆቹ፥ የቤት ኪራዩ ነገር በእያንዳንዱ ደጅ እንዳለ እኛም እናውቃለን፤ እነዚያ 7 ዳኞችም ልጆች ነበሯቸው። ነገር ግን ታላላቆቹ ነገሮች ወደ እኛ የሚመጡት በመጥረቢያ መልክ አይደለም። የሚመጡት በአንድ ወረቀት መልክ፥ «ፈርምና አሳልፈው» ከሚል የስልክ ቃል ጋር ነው፤ ዋጋውም ምናልባት 20 ሽልንግ ነው። በዚያን ሰዓት «ይህ በየትኛው ሕግ ነው? እባክዎን በጽሑፍ ያድርጉልኝ» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ዐመፅ አይደለም። ሌንትሃልም ተንበርክኮ ነው የተናገረው።

ይህም ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ትምህርት አይምሰለን። በአገራችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ያየ መንገደኛ፥ ሰይፍ ሳይዝ ሹመት ሳይኖረው፥ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮኽ፥ ዱላ ያነሣው እጅ ይቆም ነበር። ኩክ ለንጉሥ ጄምስ የነገረው ከዚህ የራቀ ነገር አልነበረም። ልዩነቱ እንግሊዞች ይህን ቃል ከመንገድ አንሥተው ወደ ግምጃ ቤቱ በር ማድረሳቸው ነው፤ ለዚያም ብዙ መቶ ዓመታትና ብዙ ደም ፈጅቶባቸዋል። ከመጥረቢያው ይልቅ ያን በር የጠበቁትን ሰዎች ብናስታውስ፥ ደሙን ሳንከፍል ትምህርቱን እንወስድ ይሆናል።